የእማዬ ዓይን እስኪድን

ኦክቶበር 9፣ ሐሙስ

ላይብረሪ ሄጄ ስድስት ገጽ ፎቶ ኮፒ አደረግሁ። ማሽኑ ሁለቴ ወረቀት በላብኝ። ሴትዮዋ መጥታ ከፈተችው፣ ዘጋችው፣ "አሁን ሞክሪ" አለች። ሞከርኩ። ደግሞ በላ።

የ"ጎን ለ" ሰባተኛ ዕትም ነው። የእኔና የጓደኛዬ የጁማና ዚን። ስልሳ ኮፒ፣ መሃሏ በስቴፕለር የተመታ፣ ግማሽ አማርኛ ግማሽ እንግሊዝኛ፣ ስለ ሙዚቃ ብቻ የምታወራ ሚጢጢ መጽሔት። ማን ያነባታል? ጁማና አባቷ ሱቅ፣ 17 አቬኑ ላይ፣ ካሸሩ ጋ ትደረድራታለች። በርበሬ ሊገዛ የመጣ ሰው ያነሳታል። በርበሬ ይጠቀልልባት ይሆናል... አላውቅም።

ይቺኛዋ ስለ አጎቴ ናት። ኪራኮስ፣ የእማዬ ታላቅ ወንድም። አዲስ አበባ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ከሆቴል ሆቴል እየዞረ ቤዝ ጊታር ተጫውቷል። ስሙ ግን አንድም ካሴት ላይ የለም። "ፎቶ ስንነሳ ጠርዝ ላይ ነኝ፣ ግማሽ ፊቴ ነው የሚወጣው" ብሎ ይስቃል። በቴሌግራም ጥያቄ እልክለታለሁ፣ እሱ እያሳለ በቮይስ ይመልሳል። እስካሁን አስራ አንድ ቮይስ አለኝ። መጀመሪያ "አንቱ" ስለው ተቆጣ። "ሙዚቀኛ አንቱ አይባልም፣ ያስረጃል።"

አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል። ለምን አቆምክ? ሰኞ ነው የላክሁለት። አልመለሰም።

እማዬ ይህን ሁሉ አታውቅም። ከወንድሟ ጋር ከተዘጋጉ አራት ዓመታቸው። አያቴ ያረፈች ዕለት ደወለላትና "ብርቄ፣ እማማ ሞተች" አላት። በቃ። እማዬ ሥራ ላይ ነበረች፣ አረጋውያን ቤት፣ አንዲት ባልቴት እያጠበች፣ ስልኩን በትከሻዋ ይዛ። ሰው አልሰበሰበ፣ ሽማግሌ አልላከ። በስልክ መርዶ። "ለውሻ እንኳን እንዲህ አይነገርም" ትላለች እስከ ዛሬ። ስሙን አትጠራም። "ያ ሰውዬ" ነው የምትለው።

ኦክቶበር 14፣ ማክሰኞ

የእማዬ ዓይን ኦፕራሲዮን ሆነ። የቀኙ፣ ሞራ። ቁጭ ብዬ አንድ ዘፈን ሁለቴ ሳልሰማ "ጨርሳለች፣ ግቢ" አሉኝ።

ወረቀት ሰጡን። እንዳትጎነበስ፣ እንዳታሸው፣ ውሃ እንዳይነካው፣ ጠብታ በቀን አራት ጊዜ፣ ሁለት ሳምንት። ግራውም ደካማ ነው፣ ተራውን እየጠበቀ። ስለዚህ ማንበብ የለም፣ ስልክ መጎርጎር የለም። ከሥራም ፈቃድ ወጥታለች። ቤት ውስጥ እኔና እሷ ብቻ ነን።

"እንግዲህ ዓይኔ አንቺ ነሽ" አለችኝ መኪና ውስጥ። እንዲህ የምትናገር ሴት አይደለችም። መድኃኒቱ ነው መሰለኝ።

ኦክቶበር 16፣ ሐሙስ

ጋሽ ገረመው ደወሉ። የእድራችን ሰብሳቢ ናቸው፣ ታክሲ ይነዳሉ። "እናትሽ አጠገብሽ ናት?" አሉኝ። አጠገቤ ነበረች። "እንግዲያው ውረጂ፣ ሥር ፓርክ አድርጌያለሁ።"

ታክሲያቸው ውስጥ ሂተሩ ተከፍቶ፣ ሬዲዮው ተዘግቶ... ያኔ ነው ልቤ ያወቀው።

አጎቴ ትናንት አርፏል። ሳንባው። ብቻውን ነው የሚኖር፣ ግቢው ውስጥ ያሉ ሰዎች አገኙት። ዛሬ ተቀብሯል።

እጄን ያዙኝ። "ስሚ የኔ ልጅ። ለብርቅነሽ አሁን አይነገራትም። ዓይኗ ውሃ አይንካው ተብሏል አይደል?"

"አዎ።"

"እንባም ውሃ ነው።"

"እና እስከ መቼ?"

"ሁለት ሳምንቱ ይለቅ። ዶክተሩ ይያትና በማግስቱ ቅዳሜ ጠዋት እኛው እንመጣለን፣ በወጉ። ያኔ የሆነውን ታውቂያለሽ። ሁለተኛ እንደዚያ አይደረግባትም።"

"ጋሼ፣ እኔ እኮ መዋሸት አልችልበትም።"

"ውሸት አይደለም። መያዝ ነው።"

አስራ ስድስት ቀን መያዝ። የት ሄጄ ላልቅስ? የቤታችን ግድግዳ ካርቶን ነው። ማክስ ፐርፕል አውቶቡስ ላይ ተሳፈርኩ፣ ዳውንታውን ድረስ ሄድኩ፣ ተመለስኩ። እዚያው ውስጥ ነው ያለቀስኩት። አንዲት ሴትዮ ሶፍት ሰጠችኝ፣ ምንም ሳትጠይቅ።

ቤት ስገባ፦ "ምነው ዓይንሽ ቀላ?"

"ብርዱ ነው።"

"ኮፍያ አድርጊ ስልሽ አትሰሚ።"

በአንድ ደካማ ዓይን ይቺን አየች።

ኦክቶበር 17፣ ዓርብ

አራት ጊዜ ጠብታ። አራት ጊዜ ፊቷን በሁለት እጅ ይዞ፣ ከላይ ሆኖ፣ ዓይኗን ማየት።

ኦክቶበር 19፣ እሑድ

ጁማና ሱቅ ሄድኩ። ለእሷ ነገርኳት። ለሰው አትንገሪ ተብያለሁ፤ ግን አንድ ሰው ካላወቀልኝ ልፈነዳ ነው።

የምስር ከረጢት ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። አይታው አታውቅም፣ ድምፁን ብቻ ነው የምታውቀው። ቮይሶቹን ወደ እንግሊዝኛ የምትመልሳቸው እሷ ናት። እያንዳንዱን አስር ጊዜ ሰምታዋለች።

"ሳምሪ፣ ንገሪያት በቃ። ዚስ ኢዝ ቱ ማች።"

"አይቻልም። ወግ አለው።"

"አይ ኖው ወግ አለው። እኛም አለን። ግን ላይክ... እሱ ስትሬት ነገራት፣ አራት ዓመት ዘጋችው። አንቺ ስትደብቂያትስ? ምንድነው የምታደርግሽ?"

የዚኑን ካርቶን አንስቼ ጓዳ አስገባሁ።

ሰባተኛውን ዕትም አቁመነዋል። ስልሳውም ኮፒ ካርቶን ውስጥ ነው፣ ከጓዳ። ሽፋኑ ላይ ፎቶው አለ። አንድ ሰው አይቶ "ነፍስ ይማር" ብሎ ለእማዬ ቢደውልላት... እኔ ማለት ሁሉን ነገር ዚን ላይ እጽፋለሁ ብዬ የምጎርር ሰው ነኝ። አሁን ዚኔን ከምስር ኋላ ደበቅኳት። ይቺ ደብተር ብቻ ቀረችኝ።

ኦክቶበር 21፣ ማክሰኞ

እማዬ ሰለቻት። ዩቲዩቡም፣ ስብከቱም፣ ዜናውም ሰለቻት። "እስቲ ያቺን የምትጽፊያትን አንብቢልኝ" አለች። ስድስት ዕትም ሳወጣ አንድም ቀን ጠይቃኝ አታውቅም።

ስድስተኛውን ማንበብ እችል ነበር። አምስተኛውን። ለምን የሰባተኛውን ረቂቅ አነሳሁ? ከእሱ ጋር ትንሽ እንድትቆይ ፈልጌ ነው? ወይስ ራሴ መቆየት ፈልጌ? ስሙን ሳልጠራ ጀመርኩ። አንድ ቤዝ ተጫዋች ልጅ ሳለ የመጀመሪያ ጊታሩን አባቱ እንዳይሰብሩበት ዘጠኝ ዓመት የሞላት እህቱ ልብስ ማጠቢያ ሳፋ ውስጥ ከተተችለት። እርጥብ አንሶላ አለበሰችው። አባትየው ሲመጡ ሳፋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ "አላየሁም" አለች። በጥፊ ተመታች። አሁንም "አላየሁም" አለች።

ጨርሳ ሰማችና፦

"ደረቅ ነው።"

"ምኑ?"

"አንሶላው። እርጥብ ቢሆን እንጨቱ አያብጥም? ያ ሰውዬ ማስታወስ እንኳ አይችል።"

ገጹን ገለጥኩ።

"ሌላስ ምን አለ?" አለች።

ኦክቶበር 22፣ ረቡዕ

ጨረስኩላት። ሁሉንም። ሁለት ቦታ ላይ ሳቀች። አንድ ቦታ ላይ ግን ወደ ግድግዳው ዞረች፤ "ብርቄ ባትኖር እኔ ሙዚቀኛ አልሆንም ነበር" የሚለው ጋ።

ከዚያ ሳትዞር "ያማል እንዴ? እያሳለ ነው የሚያወራው ብለሽ ጽፈሻል" አለች።

"ጉንፋን ነው።"

ዓይኔን በጨው አጥቤ።

ኦክቶበር 23፣ ሐሙስ

ዛሬ የሆነውን መጻፍ አልፈልግም። ግን እጽፈዋለሁ።

ቁርስ እንደበላች፦ "ስልክሽን አምጪ። ለዚያ ሰውዬ ድምፄን ቅጂልኝ።"

አሁን ልንገራት ብዬ አፌን ከፈትኩ። "እማዬ..."

"ቀይ በራ?" አለች። ሪኮርዱን ማለቷ ነው።

በራ። እኔ ነኝ የተጫንኩት። ጣቴ ራሱ ተጫነው።

ነጠላዋን አስተካከለች፣ እንደሚያያት ሁሉ። እንዲህ አለች፦ "ኪራኮስ። ብርቅነሽ ነኝ። እንደምን አለህ። እኔ ይቅር ብዬሃለሁ። ለእግዚአብሔር ብዬ ነው። አንተ ግን ያደረግከው ልክ አይደለም። መርዶ ሰው ሰብስቦ ነው የሚነገረው፣ ስንት ጊዜ ልንገርህ። ሰው እያጠብኩ፣ እጄ በሳሙና እንደተለቀለቀ... ድሮም ግትር ነህ። ለማንም አታስብም። ሳልህን ደግሞ ሐኪም ይይልህ፣ ዝም ብለህ ዝንጅብል አትጠጣ። አንሶላውም ደረቅ ነበር። ደህና ሁን።"

አንድ ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ።

"ሄደ?"

"ሄደ።"

አልላክሁትም። ስልኩ አሁን ማን እጅ እንዳለ አላውቅም። የማያውቃት ሰው ከፍቶ ቢሰማው? "የሞተውን ትሰድበዋለች" ቢልስ? ስልኬ ላይ አስቀምጬዋለሁ። መታጠቢያ ቤት ገብቼ ውሃውን ለቅቄ አለቀስኩ። ውሃ በከንቱ ለቀቅሽ ብላ ጮኸችብኝ።

ኦክቶበር 25፣ ቅዳሜ

"መለሰልሽ?"

"አልመለሰም።"

"ሰምቶታል ግን?"

አላየሁም ማለት ይቻል ነበር። ኔትወርክ የለም ማለት ይቻል ነበር። ፊቷን አየሁት... ልጅ መስላለች።

"ሰምቶታል" አልኳት።

"ታዲያ ምን ይጠብቃል?"

"እያሰበ ይሆናል።"

"ያስብ። እኔስ አራት ዓመት አላሰብኩም?"

ከዚያ በኋላ ደህና በላች። ልብስ እያጠፈች ታንጎራጉር ጀመር። ጆሮዬን አቆምኩ። ዜማው አይደለም። ዱም... ዱዱም... ከሥር ያለው ነው፣ ቤዙ። የወንድሟን ልምምድ በበሩ ቀዳዳ እየሰማች ያደገች ሴት፣ ዘፈን ሲባል የምታውቀው ያንን ነው። ሃያ አራት ዓመት ልጇ ሆኜ ይህን አላወቅሁም። ዚን ላይ የማያውቁኝን ሰዎች ቃለ መጠይቅ አደርጋለሁ።

ኦክቶበር 28፣ ማክሰኞ

በረዶ ጣለ። ዛሬም "አልመለሰም?"

ኦክቶበር 31፣ ዓርብ

ዶክተሩ ዓይኗን አየ። በጣም ጥሩ ነው አለ። እማዬ ግድግዳው ላይ ያለውን ትንሹን ፊደል አንብባ ኮራች።

እሷ ካፖርቷን ስትለብስ ወደ ኮሪደር ተከትዬው ወጣሁ። "ማልቀስ ትችላለች?" አልኩት።

አልገባውም። "ማልቀስ?"

"እንባ። ይጎዳዋል?"

"ኖ" አለ። "እንባ ምንም አያደርገውም። የቧንቧ ውሃ ነው የከለከልነው።"

"ከመጀመሪያውም?"

"ከመጀመሪያውም።"

እዚያ ግድግዳውን ተደግፌ ቆየሁ። አስራ አምስት ቀን። አንድ ጥያቄ ነበር። ስልክ ደውሎ አንድ ጥያቄ መጠየቅ ነበር። ጋሽ ገረመው አልጠየቁ፣ እኔ አልጠየቅሁ። እንባም ውሃ ነው ሲሉኝ እውነት ነው ብዬ ተቀበልኩ፤ እማዬም ብትሆን ትቀበል ነበር፤ ከእኛ ሰው ማን ይጠይቃል?

"ምን ስትጠይቂው ነበር?" አለች መኪና ውስጥ።

"ስለ ጠብታው።"

ለጋሽ ገረመው ደውዬ ነገርኳቸው። የታክሲያቸው የፍሬቻ ድምፅ ይሰማኛል፣ ቀጭ ቀጭ። "ነገ አስራ ሁለት ሰዓት እንደርሳለን" ብቻ አሉ።

ኖቬምበር 1፣ ቅዳሜ

ሲንኳኳ ነቅቼ ነበር። ልብሴን እንኳ አላወለቅሁም። ውጪ ድቅድቅ ጨለማ ነው፣ በዚህ ወር እዚህ ፀሐይ ሁለት ሰዓትም አትወጣ። ጋሽ ገረመው፣ እትዬ ብዙአየሁ፣ ቄሱ፣ ሌሎች ሰባት ስምንት የእድራችን ሰዎች። ጫማቸውን በር ላይ ቀስ አድርገው አወለቁ።

እማዬ ከመኝታ ቤት ወጣች። መጀመሪያ ያየችው ጫማዎቹን ነው። በደህናው ዓይኗ አንድ በአንድ ቆጠረቻቸው መሰለኝ።

"ማን ነው?" አለች። ማን መጣ ማለቷ አልነበረም።

"ቁጭ በይ እስቲ ብርቅነሽ" አሉ ጋሽ ገረመው። "እንግዲህ ሰው ነን..."

"ኪራ ነው" አለች።

በአራት ዓመት ውስጥ ስሙን እንዲህ ስትጠራው ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ኪራኮስ አላለችም። ኪራ።

ከዚያ ጮኸች። እትዬ ብዙአየሁ ዓይኗን እንዳትመታ እጆቿን ይዘው አብረዋት ተወዛወዙ። እኔም በመጨረሻ በሰው ፊት አለቀስኩ። ከእሷ እኩል አዲስ የሰማሁ መስዬ... ያ ነው ያሳፈረኝ።

ትንሽ በረድ ሲልላት፣ ነጠላዋን ከፊቷ ገለጥ አድርጋ፣ "ድምፄን ሰምቶ ነው የሄደ" አለች። "ይቅር ብዬዋለሁ። ሳምሪ ልካልኛለች፣ ሰምቶታል። ተመስገን። ልጄ ናት ያስታረቀችን።"

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። እትዬ ብዙአየሁ "ተባረኪ" አሉኝ። ጋሽ ገረመው ምንጣፉን ያያሉ። መቼ እንዳረፈ ያውቃሉ። እሷ "መቼ?" ስትል "በዚህ ሰሞን" ብለው አለፉት።

ኖቬምበር 3፣ ሰኞ

ሰው ይገባል፣ ሰው ይወጣል። ዳቦ እቆርሳለሁ፣ ሻይ አዞራለሁ። ለእያንዳንዱ አዲስ ሰው ትደግመዋለች። "ድምፄን ሰምቶ ነው..." ከኮክረን ከተማ ድረስ ነድተው የመጡ ባልና ሚስት አብረዋት አለቀሱ። "ዕድለኛ ነሽ" አሏት። ብርጭቆ ማጠብ አበዛሁ፣ ቧንቧው ሲጮህ ወሬው አይሰማኝም።

ልንገራት? ብነግራት ምን ይቀራታል? አሁን የያዘችው ይህንን ብቻ ነው።

ሌላም አለ፣ እዚህ ላይ እውነቱን ካልጻፍኩ የት ልጽፍ ነው። ፈርቻለሁ። እናቴ ሰው መዝጋት የምትችል ሴት ናት። አብሯት ያደገውን ወንድሟን፣ ጥፊ የተመታችለትን፣ አራት ዓመት ዘግታዋለች። ያውም እውነት ስለነገራት። እኔ የሞተ ሰው ሰምቶሻል ብያታለሁ። እኔንስ ስንት ዓመት?

ኖቬምበር 9፣ እሑድ

ጁማና ሰባተኛውን እናውጣው አለች። አንድ ገጽ ጨምረን፣ ለመታሰቢያ። ፎቶ፣ ስም፣ የተወለደበት፣ ያረፈበት።

"ያረፈበትን ተዪው" አልኳት።

"ዋት ዱ ዩ ሚን ተዪው? ሰው ሲሞት ቀን ይጻፋል።"

"እማዬ ልታየው ነው። አሁን ማንበብ ጀምራለች።"

ስቴፕለሩን አስቀመጠችና አየችኝ። አልተቆጣችም። "ቀን የሌለው አላትምም" አለች ቀስ ብላ። "እሱ ስሙ እንኳ ካሴት ላይ የለም። ኤትሊስት ቀኑን እንጻፍለት።"

ልክ ናት። ካርቶኑን ወደ ጓዳ መለስነው።

ኖቬምበር 16፣ እሑድ

ጋሽ ገረመው ስለ አርባው ሊነጋገሩ መጡ። ቅዳሜ 22 ይሁን ተባለ፣ የገና ጾም ሳይገባ። እዚህ አገር ሁሉም ነገር ወደ ቅዳሜ ነው የሚገፋው፣ ማንም ቀን አይቆጥር። እፎይ አልኩ። እፎይ በማለቴ ደግሞ ራሴን ጠላሁት።

ደረጃው ድረስ ሸኘኋቸው። ጓንታቸውን እያጠለቁ ቆሙ። "ሳምራዊት፣ ይህን ነገር ያበላሸሁት እኔ ነኝ። በማላውቀው ገብቼ ሐኪም ሆንኩ። አንቺ አትሸከሚው። ከፈቀድሽልኝ እኔ እነግራታለሁ።"

ሽማግሌ ሰው እንዲህ ሲናገር አይቼ አላውቅም።

"አይ ጋሼ። ያልኳት እኔ ነኝ። እኔ ነኝ የምነግራት።"

መቼ?

ኖቬምበር 22፣ ቅዳሜ

አርባው ወጣ። አዳራሹ ሞልቶ ነበር። እማዬ ጥቁሯን ለብሳ፣ ቀጥ ብላ፣ ለመጣው ሁሉ ደገመችው። ከአዳራሽ እስከ ቤት በመኪና ሃያ ደቂቃ ብቻችንን ነበርን። መብራት ይይዘናል፣ ይለቀናል። ሳልነግራት ደረስን።

ኖቬምበር 23፣ እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነጠላዋን ሳታወልቅ ሶፋው ላይ ተቀመጠች። እኔ የትናንቱን ድስቶች እያደራረቅሁ።

"ዛሬ ነው እኮ" አለች።

"ምኑ?"

"አርባው። ትናንት ሠላሳ ዘጠኝ ነው።"

ድስቱን አስቀመጥኩት። ጨርቁ እጄ ላይ ቀረ።

"ጥቅምት አምስት፣ በአቦ ዕለት" አለች። "ቄሱ ለፍትሐቱ ቀኑን ሲጠይቁኝ ገረመውን ጠየቅሁት። መዋሸት አይችልበት፣ ምስኪን። ሳምንት ሊሆነኝ ነው ካወቅሁ።"

"እማዬ..."

"ዓይኔ በተሠራ በማግስቱ ነው ያረፈው። ድምፄን የቀዳሽኝ ከዚያ በኋላ ነው። ታውቂ ነበር?"

"አዎ።"

"ስቀዳ ታውቂ ነበር።"

"አዎ።"

ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ፣ ፍሪጁን ተደግፌ። ሁሉንም ነገርኳት፤ ታክሲውን፣ እንባም ውሃ ነው የተባልኩትን፣ ዶክተሩ ያለኝን፣ አለመላኬን። አላቋረጠችኝም።

"ታዲያ ካወቅሽ ትናንት ለምን ለሰው ሁሉ ሰምቶኛል ትያለሽ?"

"ምን ልበል? ወንድሟን አራት ዓመት ዘግታው ሞተባት ይበሉኝ?" ቀጥላም፦ "ደግሞ አንቺን ስጠብቅ ነው። ዛሬ ትነግረኛለች፣ ዛሬ ትነግረኛለች እያልኩ።"

"ትዘጊኛለሽ ብዬ ፈራሁ።"

"አንቺን ዘግቼ ማን ጋ ልኖር?"

በቁጣ ነው ያለችው። ግን ብላለች።

ከዚያ ስልኬን እንዳመጣ ነገረችኝ። ያንን የተቀዳውን ልስማው አለች። አንድ ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ፣ የራሷን ድምፅ፣ ግንባሯን አጨማድዳ ሰማች። ሲያበቃ ራሷን ነቀነቀች።

"ይሄ እርቅ ነው? ስድብ ነው እኮ። እንኳንም አላክሽው።"

አለቀሰች። በዓይኗ አልሳሳሁላትም፣ እንዳሻው ይፍሰስ። እኔም አጠገቧ ሶፋው ላይ ወጣሁ።

"እሱ ዕለቱን ነው የነገረኝ" አለች። "ዕለቱን። ሰው አልሰበሰበም እላለሁ... ለእሱስ ማን ሰበሰበለት? የእሱም እናት እኮ ናት። ብቻውን አስከሬን ቤት ቆሞ፣ የሚደውልለት ሌላ ሰው ቢያጣ ነው እኔ ጋ የደወለ። ስልኩን ዘጋሁበት።"

እጇን ዘረጋች። "እንደገና ቅጂኝ።"

ተጫንኩት። በዚህኛው ነጠላዋን አላስተካከለችም።

"ኪራ። ብርቄ ነኝ" አለች። "ዕለቱን ነገርከኝ። አንተ ብቻ ነህ ያልደበቅከኝ። ይቅር በለኝ።"

ሌላ የምትለው ያለ መስሎኝ ጣቴን አላነሳሁም። አልነበራትም። ትንፋሿ ብቻ ተቀዳ፣ የእኔም።

"ላኪው" አለች።

"ስልኩ ማን ጋ እንዳለ አናውቅም እማዬ። የሚሰማው ሰው ላይኖር ይችላል።"

"አውቃለሁ። ላኪው።"

ላክሁት።